ቅባትና ዋስ በደብረ ወርቅ ገበያ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና አልፎ ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር በሚወጣው መንገድ የሚሄድ ሰው፣ ጤፍ የሚያበቅለውን የእነማይን ሜዳ ወደ ኋላው ትቶ፣ በስተግራው የጮቄን ተራራ እያየ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ደብረ ወርቅ ይደርሳል። ይህች ከተማ ዛሬ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ስሟን በአገሩ ሁሉ ያስጠራችው ግን በክብ አሠራሯና በቅዱሳት ሥዕላቷ የታወቀችው ደብረ ወርቅ ማርያም ናት። ደብር ባለበት ካህን አለ፤ ካህን ባለበት ተማሪና ምእመን ይሰበሰባል፤ ሕዝብ በተሰበሰበበትም ገበያ መቆሙ የማይቀር ስለሆነ፣ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ከጥንት ጀምሮ ነፍሱን ለደብሩ፣ ሥጋውን ለገበያው አደራ ሰጥቶ ኖሯል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ስለ ጎጃም የጻፉ ሰዎች የመሳፍንቱን ዘመቻና የባለቅኔዎቹን ምሥጢር አብዝተው ሲጽፉ፣ በሻጭና በገዥ መካከል የነበረውን ሥርዓት ግን እንደ ተራ ነገር ቈጥረው በዝምታ አልፈውታል። ሆኖም ሕግ ከዙፋን ችሎት አስቀድሞ በገበያ መካከል እንደሚወለድ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም ንጉሥን በዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ ያላየ ባላገር በየሳምንቱ ከገበያ ይውላል፤ በየሳምንቱም ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይታለላል፣ ይካሳል። ከገበያው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ይህን ሥርዓት የሚፈትነው ደግሞ በገላ ላይ የሚቀባ ነገር ነው። የተነቀዘ እህል ለዓይን ይታያል፤ የተቀደደ ሸማ በእጅ ይዳሰሳል፤ የቅባት ነውር ግን ገዥው ወደ ቤቱ ገብቶ፣ ተቀብቶ፣ አድሮ ሲነሣ በገዛ ቆዳው ላይ ይገለጣል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ የተቀባው ነገር ቆዳውን ያስቈጣበት ሰው የገዛውን የመመለስና ገንዘቡን የማስመለስ መብቱ በዚህ አገር ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ ነው።

የአገራችን ሊቃውንት ስለ ውበት ቅባት ሁለት ዓይነት አስተያየት ነበራቸው። ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ በስምንተኛው ምዕራፍ፣ አዛዝኤል ለሰው ልጆች ካስተማራቸው ክፉ ጥበባት መካከል ከሰይፍና ከጋሻ ሥራ ጋር ዓይንን መኳልንና ልዩ ልዩ ቀለማትን ይቈጥራል። በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዐባይን ያየው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዚህን መጽሐፍ ሦስት ቅጂዎች ይዞ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን አያውቁትም ነበር፤ የእኛ መምህራን ግን ኩልና ቀለም ከምን ምንጭ እንደ ተቀዳ ሲያስተምሩበት ኖረዋል። በሌላ ወገን ያችው ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን በቅብዐ ሜሮን ታትማለች፤ ዋጋው ሦስት መቶ ዲናር የተገመተውን ሽቱ በጌታ ላይ ያፈሰሰችውን ማርያም እንተ ዕፍረትንም በክብር ታስባለች። ስለዚህ ቅባት በራሱ አልተወገዘም፤ የተወገዘው በቅባት ማታለል ነው። በሐሰት ሚዛን የሚሸጥን ሰው የሚነቅፈው የመጽሐፈ ምሳሌ ቃልም ለእህል ነጋዴ ብቻ የተነገረ አይደለም።

የደብረ ወርቅና የአካባቢዋ ሴቶች ከሱቅ ዕቃ በፊት የሚዋቡባቸው ነገሮች ከደጅና ከገበያ የሚገኙ ነበሩ። አናት የሚቀባው ለጋ ቅቤ ነው፤ መዓዛ እንዲኖረው አደስና ሌላ ሽታ ያለው ቅጠል ይገባበታል። እጅና እግር በእንሶስላ ይቀላል፤ ዓይን በኩል ይኳላል፤ ደረቅ ገላ ቅባት ሲያምረው የኑግ ዘይት አለለት። ልብስ ለማጠብ ደግሞ እንዶድ ይወቀጣል። ስለ እንዶድ ኃይል ሴቶቹ የሚያውቁትን ሳይንስ ያረጋገጠው ዘግይቶ ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ተክሉ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ የሚገድል መሆኑን ገለጡ። የሚወቅጡት ሴቶች ግን ብናኙ እንደሚያስነጥስና ዓይን እንደሚያቃጥል አስቀድመው ስላወቁ ፊታቸውን ከሙቀጫው መለስ አድርገው ይወቅጡት ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ከዛፍና ከከብት የተገኘ ሁሉ ለገላ የዋህ ነው የሚለው የዛሬ ሰዎች አስተያየት የጥንት እናቶች አስተያየት አልነበረም።

ይህ እውቀት በገበያ ላይ ምን መልክ እንደ ነበረው ለማየት ከቅቤ የተሻለ ምስክር የለም። ቅቤ የምትገዛ ሴት ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ከተጠቀለለበት ቅጠል ገለጥ አድርጋ ታሸተዋለች፤ ቀጥላ በጣቷ ጫፍ ጥቂት ቈንጥራ በእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፤ ቅቤ ከሆነ በገላዋ ሙቀት ወዲያው ቀልጦ ይሰርጋል፣ ሞራ የገባበት ከሆነ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻም ውጩ መልካም ሆኖ ውስጡ ሌላ እንዳይሆን ቀጭን እንጨት ወደ መሐሉ ሰዳ አውጥታ፣ በእንጨቱ ላይ ተጣብቆ የወጣውን ትቀምሳለች። ሻጯ በዚህ አትቈጣም፤ የምትቈጣ ከሆነ እንኳ ቍጣዋ ራሱ በዙሪያው ለቆሙት ገዦች ምልክት ይሆናል። ይህ ሁሉ ምርመራ የሚደረገው ገንዘብ ከእጅ ሳይወጣ በመሆኑ፣ የገዥ የመጀመሪያ መብቱ ከመመለስ በፊት የመመርመር መብት ነበር ማለት ነው።

ምርመራው ሳይይዘው ያለፈ ነውር ሲገኝስ? ለዚህ ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የሻጯ ጉልት ነው፤ ጉልተኛ ሴት በየገበያው ቀን ከማትለቀው ቦታዋ ስለምትቀመጥ፣ ባለፈው ሳምንት የተበደለች ገዥ በሚመጣው ሳምንት ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለች። ሁለተኛው ዋስ ነው፤ ከፍ ያለ ዋጋ ባለው ነገር በተለይም በበሬና በበቅሎ ሽያጭ፣ ሻጭ በሚያውቀው ነውር ዝም ብሎ ቢገኝ ወይም ከብቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቢያዝ፣ የሚጠየቅ ሰው በምስክር ፊት ይጠራል። ሦስተኛው መሐላና ሽማግሌ ነው፤ ነገሩ ከሁለት ሰዎች አፍ የማያልፍ ሲሆን፣ ሻጭ በታቦት ስም ይምላል ወይም ከመማል ይልቅ መክፈልን ይመርጣል። የተነካው ቅቤ ግን ተመልሶ አይሸጥም፤ የተቀባው ደግሞ ጭራሽ አይመለስም፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ዕቃውን መልሶ ገንዘብን ከመቀበል ይልቅ ካሳን ወደ መጠየቅ ያዘነብል ነበር። የዛሬው ሸማች በተከፈተ የቅባት ጣሳ ላይ ከባለሱቅ ጋር የሚከራከረውን ክርክር የጥንት ሽማግሌዎችም ያውቁት እንደ ነበር ከዚህ ይታያል።

ከትንሹ የጉልት ገበያ ወደ ሰፊው ንግድ ስንሻገር የዝባድን ነገር እናገኛለን። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ፣ ሽታው ሲበዛ የሚከብድ፣ ሲቀጥን ግን ሌላውን መዓዛ ሁሉ አስሮ የሚያቆይ ቅባት ነው። ከዐባይ ማዶ ከእናርያና ከሌሎቹ የደቡብ ምዕራብ አገሮች እየተሰበሰበ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ዐባይን ተሻግሮ፣ በየጁቤ አጠገብ ወደ ነበረው ወደ ባሶ ገበያ ይገባል፤ ከዚያም ጀበርቲዎች ነጋዴዎች በየኬላው ቀረጥ እየከፈሉ በጎንደር አድርገው ወደ ምጥዋ ያደርሱታል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1842 እ.ኤ.አ. ገደማ በየጁቤ ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። የምሥራቁ ጎጃም ነጋዴም ከሞጣ ወደ በጌምድር ሲሻገር፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ በሚነገርለት፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ በምንለው ላይ ያልፍ ነበር።

ዝባድ የሚጫነው በበሬ ቀንድ ውስጥ ተሞልቶ፣ አፉ ተደፍኖ ነው፤ ይህም ለማጭበርበር የተመቸ ዕቃ አደረገው፤ ቅቤና ሌላ ቅባት ቀላቅሎ ክብደቱን ማብዛት የቆየ ተንኰል ነበርና። ስለዚህ ልምድ ያለው ነጋዴ ከቀንዱ አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ከጥልቁም አውጥቶ ያሸታል፣ በእጁም ላይ ያሻል። ሻጩም በበኩሉ የሚቀበለውን ገንዘብ እንዲሁ ይመረምራል፤ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የማርያ ትሬዛ ብር እያገላበጠ፣ የንግሥቲቱን ዘውድና በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ እያየ፣ ነጠብጣቡ የጐደለበትን ወይም ያረጀውን ብር ይመልሳል። ስለዚህ መመለስ የገዥ ብቻ ሳይሆን የሁለቱም መብት ነበር፤ ገዥ ቅባቱን ሊመልስ እንደሚችል ሁሉ ሻጭም ብሩን ይመልስ ነበር፤ ማንም ማንንም እንደ ሌባ ሳይቈጥር ሁለቱም ይመራመሩ ነበር። ዛሬ ገዥ ዕቃ ሲመረምር ባለሱቁን እንደ ሰደበ የሚቈጠርበት ጠባይ፣ ዘመናዊነት ይባል እንደ ሆነ እንጂ የአገር ልማድ ሊባል አይገባውም።

ያም ዝባድ ባሕር ተሻግሮ የፓሪስ ሽቱ ቀማሚዎችን አገልግሏል፤ በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣው ቻኔል ቍጥር 5 የሚባለው ሽቱ ለብዙ ዘመን ከተቀመመባቸው ነገሮች አንዱ የኢትዮጵያ ዝባድ ነበር። በቀንድ ታሽጎ ከአገራችን የወጣው ቅባት በብልቃጥ ታሽጎ ወደ እኛ ሲመለስ ግን፣ ገዥው ከጥልቁ አውጥቶ የሚያሸትበት ቀዳዳ ተደፍኖ ነው።

አሁን ወደ ተጻፈው ሕግ እንለፍ። በሮም ከተማ ገበያን የሚጠብቁ ሹማምንት፣ ባሪያና ከብት የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን ነገር ሕመምና ነውር አስቀድሞ እንዲናገር፣ ካልተናገረ ገዥው በስድስት ወር ውስጥ ዕቃውን እንዲመልስ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋ እንዲቀነስለት እንዲጠይቅ ደንግገው ነበር። ይህ ሐሳብ ከሮም ወደ ቢዛንጥያ ነገሥታት ሕግ አለፈ፤ በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የቤተ ክርስቲያን ቀኖናንና የነገሥታትን ሕግ በዐረብኛ ሲያከማች፣ ከዚያው ከቢዛንጥያ ሕግ ቀድቶ ጻፈ፤ ይህም መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት ተባለ። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት በሚናገርበት አንቀጽ በተሸጠው ነገር ውስጥ ስለሚገኝ ነውር ይደነግጋል፤ መጽሐፉም ከንጉሡ ችሎት አንሥቶ በየደብሩ የሚተረጐምና የሚጠቀስ ነበር። ስለዚህ በደብረ ወርቅ ገበያ ነውር ያለበትን በሬ የሚመልስ ባላገር፣ ምንም እንኳ ፊደል ባይቈጥር፣ ከሮም ገበያ ተነሥቶ በግብጽ በኩል በዞረ ሕግ እየተጠቀመ ነበር።

ይህን ሕግ የሚያስፈጽሙት ዳኞች እንደ ዘመኑ ተለዋወጡ። በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ጠብ ነጋድራስ ያየው ነበር፤ ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ በ1939 ዓ.ም. የአጥቢያ ዳኛ አዋጅ ወጥቶ፣ ከ25 ብር ያልበለጠ የገንዘብ ክርክር በቀበሌው አስታራቂና ዳኛ እንዲያልቅ ተፈቀደ። ይህ መጠን ትንሽ ቢመስልም ለቅቤና ለሽቱ ጠብ ከበቂ በላይ ነበር፤ ገዥ ለትንሽ ገንዘብ ሲል ወደ ሩቅ ችሎት እንዳይንከራተት ያደረገው ይህ ሥርዓት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና በ1953 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን መጽናት የጀመረው፣ ፈረንሳዊው ሊቀ ሕግ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግም በሌላ መንገድ ዞሮ ወደዚያው ሐሳብ መጣ። ከቍጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት መሆኑን በዋስትና እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ ገዥው በበኩሉ ዕቃውን ጊዜ ሲያገኝ ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ሲያይ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል፤ ካስታወቀም በኋላ፣ ሻጩ ሆን ብሎ አታልሎት ካልሆነ በቀር፣ መብቱን በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲጠይቅ ይወስንበታል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለተያያዝነው ነገር የሚጠቅመው ግን ቍጥር 2085 ነው፤ ይህ ቍጥር ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ልማዱ ሲሠራበት በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ ነገር ግን ጉዳቱን ያመጣው ጉድለት በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ኀላፊነቱን ያነሣለታል። ሕጉ ገዥን እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ ቅቤ መርማሪዋ ሴት ቈጥሮታል፤ መርምር፣ ፈጥነህ ተናገር፣ ያልታየህን ግን ሌላው ይሸከማል ማለቱ ነው።

ነገር ግን ሕጉ በወጣበት ዘመን ገበያው ራሱ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በየከተማው የዐረብ ሱቅ በዛ፤ የሽቱ ብልቃጥ፣ የፊት ቅባት፣ ሽታ ያለው ሳሙና ከጨርቅና ከስኳር ጎን በመደርደሪያ ተቀመጠ፤ ዘመኑ እየገፋ ሲሄድም ሱቅ በደረቴ የሚባለው ወጣት ክሬሙን፣ ኩሉንና የጥፍር ቀለሙን በደረቱ ተሸክሞ ከብቸና እስከ ሞጣ በየገበያው መዞር ያዘ። ይህ ዕቃ ከቀድሞው በሦስት ነገር ይለያል። ታሽጎ ስለሚሸጥ ገዥ አስቀድሞ አይመረምረውም፤ የተጻፈበት ቋንቋ ባዕድ ስለሆነ ምን እንደ ገባበት አያነብም፤ ሻጩም በሚመጣው ሳምንት በሌላ ከተማ ስለሚውል የሚመለስበት ጉልት የለውም። ምርመራውም፣ ዋሱም፣ ቦታውም በአንድ ጊዜ ጠፉ።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ በ1933 እ.ኤ.አ. ላሽ ሉር በሚባል የሽፋሽፍት ቀለም የተቀቡ ሴቶች ዓይናቸው ተቃጥሎ ታወሩ፤ ለሞትም የበቃች ነበረች። በቀለሙ ውስጥ የነበረው ፓራ-ፌኒሊን-ዳያሚን የሚባለው ነገር ዛሬም በፀጉር ማጥቈሪያ ቀለሞች ውስጥ ይገኛል። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ቀለሙን ከገበያ የሚያስነሣበት ሕግ ስላልነበረው፣ ቅባትንና ቀለምን ከምግብና ከመድኃኒት ጋር የሚቈጣጠር ሕግ በ1938 እ.ኤ.አ. አወጣ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1954 ዓ.ም. መጋቢት 6 ቀን ለምክር ቤታቸው በላኩት መልእክት የሸማችን አራት መብቶች፣ ይኸውም ከጉዳት መጠበቅን፣ እውነቱን ማወቅን፣ መምረጥንና መደመጥን ዘረዘሩ፤ ዓለምም ይህን ዕለት የሸማቾች መብት ቀን አድርጎ ያከብረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተለየ የመብቱ ክርክር ሁሉ ይደባለቃል። ቆዳን የሚያስቈጣ ቅባት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማንንም ቆዳ የሚያቃጥል ነው፤ ኬሚካሉ ከልክ በላይ የበዛበት፣ ሜርኩሪ የገባበት፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም በሐሰት ስም የታሸገ ቅባት ከዚህ ወገን ነው፤ ነውሩ በዕቃው ውስጥ ነውና ሕጉ ያለ ጥርጥር ይደርስበታል። ሁለተኛው ግን ለመቶ ሰው ተስማምቶ አንዷን የሚያሳክክና ሽፍ የሚያደርግ ነው፤ እዚህ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ገዥዋም ጤነኛ ናት፤ ያልተስማሙት ሁለቱ ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን በ1895 እ.ኤ.አ. የተጠረጠረውን ነገር በጥቂቱ ቆዳ ላይ ለጥፎ የመፈተንን ዘዴ ያስተማረው ይህን ሁለተኛውን ለመለየት ነው። ስለዚህ በዚህ ወገን የሻጭና የአምራች ዕዳ ዕቃውን ያለ ነውር ማቅረብ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ገባበት በሚነበብ ቋንቋ መግለጽና አስቀድሞ በክንድ ላይ በጥቂቱ እንዲፈተን ማስጠንቀቅ ነው፤ ይህን ያደረገ ሻጭ ነጻ ይወጣል፣ የደበቀ ግን ነውሩን በዕቃው ውስጥ ባይሆን በዝምታው ውስጥ አስቀምጦታል።

የዛሬው የአገራችን ሕግም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 685/2002፣ ከዚያም እርሱን የተካው አዋጅ ቍጥር 813/2006፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዕቃውን ስለ መረመረ ወይም ዋጋ ስለ ተከራከረ እንዲገዛ ያለ መገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት ሰጥተውታል፤ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃም በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ፈቅደውለታል። የውበት መጠበቂያ ቅባቶችንና ቀለሞችን ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከመድኃኒት ጋር ይቈጣጠራቸዋል። የደብረ ወርቅን ገበያ ለሚያውቅ ሰው በዚህ ዝርዝር ውስጥ እንግዳ ነገር የለም፤ መርምሮ መግዛት፣ መርምሮ መተውና ተከብሮ መስተናገድ የቅቤ ገበያ ሥርዓት ነበሩ።

ሆኖም ሁለት ችግሮች ቀርተዋል። የመጀመሪያው የጊዜ ችግር ነው። ማድያት ወይም ቡጉር የሚያስጨንቃት ሴት የምትገዛው የፊት ማቅያ ክሬም ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ነው፤ ይህም በመጀመሪያው ሳምንት ፊቷን ያጠራዋል፣ ደስ ያሰኛታል፤ ከወራት በኋላ ግን ቆዳዋ ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ልተወው ስትልም ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላታል። በ15 ቀን ውስጥ ይህ ሁሉ አይታይም፤ በዚያ ጊዜ ብትጠየቅ እንዲያውም ሻጩን ትመርቀዋለች። ለእንዲህ ያለው ዘገምተኛ ጉዳት የሚያዋጣት ዕቃን ከመመለስ ይልቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሳ መጠየቅ ነው፤ የሮም ሹማምንት ስድስት ወር መስጠታቸው ስውር ነውር በችኰላ እንደማይገለጥ ስላወቁ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ሁለተኛው የማስረጃ ችግር ነው። በመብት ለመጠቀም ዕቃው ከማን እንደ ተገዛ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ አዋጁ ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዘዘውም ለዚህ ጭምር ነው። ነገር ግን በአገራችን ደረሰኝ ሲባል ሻጩም ገዥውም አስቀድሞ የሚያስበው ግብርን ነው። በብቸናና በሞጣ የመንግሥት ወረቀት የሚያስነሣው ጥርጣሬ የቆየ ነው፤ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. የጎጃምን ባላገር ባስነሣ ጊዜ ጠቡ ከተቀጣጠለባቸው አውራጃዎች ሞጣና ብቸና ይገኙበታል። ስለዚህ ገዥዋ ዋጋ እንዲቀነስላት ስትል ያለ ደረሰኝ ትገዛለች፤ በዚህም ጥቂት ብር ስታተርፍ የተጎዳች ቀን የምትጠራውን ምስክር አብራ ትሸጣለች። ደረሰኝ ማለት ከግብር ጋር የተያያዘ ወረቀት ብቻ ሳይሆን የበሬ ገዥ በምስክር ፊት ይጠራው እንደ ነበረው ያለ ዋስ መሆኑ ቢታወቅ፣ ገዥ ራሷ አጥብቃ በጠየቀችው ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ስናጠቃልል፣ የሸማች መብት በዚህ አገር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አለመሆኑን እናያለን፤ በጉልት፣ በዋስ፣ በመሐላና በፍትሐ ነገሥት ቆሞ የኖረ ሥርዓት፣ ዕቃው ሲታሸግና ሻጩ የማይታወቅ ሲሆን ፈረሰ፤ አዋጆቹም በመለያ ጽሑፍ፣ በደረሰኝና በቀን ቀጠሮ ሊተኩት እየደከሙ ነው። ይህን ሥራ ለመፈጸም አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ባለሱቁ የአንዱን ቅባት ጣሳ ለመፈተኛ ከፍቶ ያስቀምጥ፤ ገዥዋ በክንዷ ላይ ጥቂት ቀብታ ቀን ጠብቃ ትመለስ፤ የገዛችውም ቆዳዋን ካስቈጣው መቀባቱን ወዲያው ትታ፣ ጣሳውን ሳትጥል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ወረቀት አስጽፋ፣ ለሻጩ ሳትዘገይ ትንገረው፤ እምቢ ካላት ነገሩን ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ታቅርብ። የሚነገራት መልስ ብዙ ጊዜ የተከፈተ ጣሳ አይመለስም የሚል ነው፤ ይህ ግን ለጤነኛ ዕቃ የሚሠራ የባለሱቅ ደንብ እንጂ ነውር ላለበት ዕቃ የሚሠራ ሕግ አይደለም። የቅባት ነውር ካልተከፈተና ካልተቀቡት አይታወቅምና፣ የተከፈተውን አልቀበልም ማለት ነውሩን እስካላወቅሽው ድረስ ብቻ መልሽ ማለት ይሆናል፤ ይህን ዓይነት ፍርድ የሚቀበል ዳኛ በጥንቱ ነጋድራስ ችሎትም ሆነ በዛሬው ፍርድ ቤት ሊኖር አይገባም።